ዝም ካለ ሠርቷል

አራት ሴቶች አጥፍቻለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ቀኑ አርብ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። የሻይ ብርጭቆዬን በግራ እጄ እንደያዝኩ በቀኝ እጄ አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። አራቱም በዚያች ሰዓት ቀጨኔ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅሙ ነበርና ምንም አልተሰማቸውም። ዛሬም ደኅና ናቸው። አንደኛዋ እንዲያውም ትናንት ደውለው ስለ ጉልበታቸው ግማሽ ሰዓት አጫውተውኛል።

የምሠራው ጉለሌ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክፍል ነው። ሥራዬ ባጭሩ ዝምታ መጠበቅ ነው። የሚያንሾካሹክ ሰው ሲገኝ ከመነጽሬ በላይ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ እርምጃ ወስጄ አላውቅም፣ አስፈልጎኝም አያውቅም። ራሴም ብዙ አልናገርም። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ፊደል በሚያስቆጥሩበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የእህቴ ልጅ እኩያ ነበረች። እንዲህ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንድ አመል አለው፤ ምንም ነገር አያልፍም። ጋዜጣ ላይ ነጥብ ከጎደለች በእርሳስ እጨምራለሁ። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ስሕተት ካየሁ ባለሱቁን ጠርቼ አሳያለሁ፤ በዚህ ምክንያት ደግሜ የማልገባባቸው ሁለት ሱቆች አሉ።

እንግዲህ ይህችው ጥንቁቅ ሴት ናት ጉድ የሠራችው።

ነገሩ የተጀመረው ለቤተ መጻሕፍታችን አሮጌ ላፕቶፖች በስጦታ በመጡ ጊዜ ነው። ከማርጀታቸው የተነሳ ሥዕል በሉት መስኮት፣ የሚነካ ነገር ማሳየት አይችሉም። ሲከፈቱ ጥቁር ስክሪን ይመጣል፣ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በቃ። ማውዝ የለ፣ ምን የለ። የሚፈልጉትን ነገር በጽሑፍ ማዘዝ ነው። ሓላፊያችን አንዱን አንስተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና "ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና አለ፤ ጀማሪዎች ናቸው፣ ከነሱ ጋር ግቢ" አሉኝ። ጥቁሩን ስክሪን ሳየው የማታ ትምህርት ቤታችንን ሰሌዳ መሰለኝ። ሰረዟም "እሺ፣ ቀጥይ" እያለች የምትጠብቅ መምህርት መሰለችኝ። ወደድኩት።

ሥልጠናው ላይ እኔና አሥር ወጣቶች ነበርን። አሠልጣኛችን ሰላም ትባላለች፤ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ ፈጥና የምታወራ፣ እኔን ስታናግር ግን አውቃ ፍጥነቷን የምትቀንስ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹ ኪቦርዱን ሲደበድቡ እኔ እጄን ሳላሳርፍበት ግማሽ ሰዓት አለፈ።

"እትዬ፣ ለምን አይነኩትም?" አለችኝ።

"እየገለበጥኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ትእዛዞቹን። በቀይ የትእዛዙ ስም፣ በሰማያዊ ትርጉሙ።"

ደብተሬን አየችው። ኅዳጉን በማስመሪያ አስምሬዋለሁ። "እሺ... እ... ማለቴ፣ በጣም ያምራል። ግን ነክተው ቢለምዱት ይሻላል።"

ነካሁት። ኤል ኤስ ማለት "ያለውን ዘርዝርልኝ" ማለት ነው። ጻፍኩና እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው መጨረሻው ላይ ነጥብ አኖርኩ። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለኝ። ነጥቡን ጠበቅ አድርጌ ደገምኩት። አላውቅም አለኝ።

"እትዬ፣ ነጥብ አያስፈልገውም።"

"ዓረፍተ ነገሩ ካለቀስ?"

"ኢንተር ሲጫኑ ማለቁን ያውቃል።"

ነጥብ ሳያይ ዓረፍተ ነገር ማለቁን የሚያውቅ ፍጡር እስከዚያ ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። ቀጥሎ የይለፍ ቃል መጣ። እጽፋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ኪቦርዱ ደክሞ መስሎኝ በአውራ ጣቴ እየረገጥኩ ጻፍኩ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ።

"ሰው እንዳያይብዎት ነው የሚደብቀው" አለች ሰላም ሮጣ መጥታ።

"ከእኔም?"

"ከእርስዎም።"

ይህንንም በሰማያዊ ጻፍኩ። ከሁሉ የቀለለኝ በፎልደር ውስጥ መመላለሱ ነበር። ወጣቶቹ ተደናገሩ፤ አንዱ ፎልደር በሌላው ውስጥ፣ ያም በሌላው ውስጥ፣ "የት ነኝ?" ለማለት ፒ ደብሊው ዲ፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ለመመለስ ሁለት ነጥብ። እኔ ምን ያደናግረኛል? የቀጨኔ ሰው ነኝ። የእኛን ቤት የሚጠይቅ እንግዳ የሚነገረው እኮ እንደዚሁ ነው፤ ከመድኃኔ ዓለም ቁልቁል፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ውስጥ፣ ከሸማኔዎቹ ግቢ አልፎ፣ ሰማያዊውን በር ትቶ፣ ከዚያ የሚቀጥለው። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ይገኛል። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ከእኛ ሰፈር ይሻላል፤ ወደ ላይ ሲመለሱ ጉልበት አያምም።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩለት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ አዛውሪ ተባልኩ፤ ትእዛዙ ኤም ቪ ነው። አዘዝኩ። ምንም አላለም። ሰረዟ ብቻ ብልጭ ድርግም።

"እምቢ አለኝ" አልኩ።

"ሠርቷል እኮ።"

"ምንም አላለም።"

"እትዬ፣ ይቺን ይያዙልኝ። ዝም ካለ ሠርቷል። የሚያወራው ሲበላሽ ነው።"

ከሚናገረው ይልቅ የሚሠራ! ሰው በሙሉ እንዲህ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። በቀይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። "ዝም ካለ ሠርቷል።"

አሁን ወደ ሴቶቹ ልመለስ።

ሰፈራችን ሊነሳ ነው ተባለ። ለአንዱ በከተማው በአንደኛው ዳር፣ ለሌላው በሌላኛው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ዐሥርት ዓመታት ግድግዳ ተካፍለው የኖሩ ሰዎች ሊበታተኑ ነው። እኛ ደግሞ የማርያም ማኅበር አለን፤ አሥራ ሁለት እናቶች፣ ሁሉም ከእኔ የሚበልጡ። እኔ በአርባ ሰባት ዓመቴ "ይቺ ልጅ" እባላለሁ፤ ማንበብ ስለምችል የማኅበሩ ጸሐፊ አድርገውኛል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ እማማ አስካለ ናቸው።

አንድ ቀን ጽዋ ጠጥተን ስንወጣ እማማ ዘነበች ዳገቱ ላይ ቆም አሉና "ስንለያይ የነዚህን ሴቶች ጩኸት አጥቼ እንዴት ልተኛ ነው?" አሉ። እማማ ዘነበች በሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ የሚጮኹት ራሳቸው ናቸው፤ ያም ሆኖ አንጀቴን በሉት። ከአፌ አመለጠኝ። "እኔ ድምፃችሁን እቀዳለሁ" አልኩ። እያንዳንዳቸው ሕይወታቸውን ይተርኩልኛል፤ በሰፈሩ የመጨረሻው ማኅበር ቀን መጀመሪያ መጀመሪያውን ለሁሉም አሰማለሁ፤ ከዚያ ለየቤቱ የአሥራ ሁለቱም ድምፅ ያለበት አንዳንድ ፍላሽ እሰጣለሁ። ፍላሹን አውጥቼ አሳየኋቸው።

"ይቺ?" አሉ እማማ ዘነበች በሁለት ጣት ይዘው። "ይቺ አሥራ ሁለት ሴት ትችላለች? እኔን ብቻ ብትችል አመስጋኝ ነኝ።"

ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ በየቤቱ እየዞርኩ በስልኬ ቀዳሁ። ስልኬ ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ አንድ ቀን የቀዳሁትን ወደ ላፕቶፑ እገለብጥና ከስልኩ አጠፋለሁ። ላፕቶፑ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ፎልደር፣ በፎልደሩ ውስጥ የባለድምፅዋ ስም። ስሙንም የሰጠሁት እንደ ማኅበሩ መዝገብ ነው፣ በክርስትና ስም። ሰላም አንዴ አይታ "የአባት ስም አይጨምሩበትም?" ብላኝ ነበር።

"በጸሎት ጊዜ የአባት ስም አይጠራም" አልኳት ኮራ ብዬ።

ከአሥራ ሁለቱ እናቶች አምስቱ ወለተ ማርያም ናቸው። ምን ይደረግ፣ የማርያም ማኅበር ነው። የትኛዋ ወለተ ማርያም የትኛዋ እንደሆነች እኔ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔርም ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን ሁለታችንንም አልጠየቀም።

ያ አርብ ደረሰ። ማኅበሩ እሑድ ነው። ሁሉንም ድምፅ በአንድ ፎልደር ልሰብስብ ብዬ ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ቀን ፎልደር ያለውን ሁሉ ወደ "ማኅበር" አዛውር አልኩት። ዝም። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ከተጫኑት ያለፈውን ትእዛዝ መልሶ ያመጣል፤ ቀኑን ብቻ ቀይሬ ደግሜ አዘዝኩ። ዝም። ሦስተኛ። ዝም። እንዲህ እያልኩ ሁሉንም ጨረስኩ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከሥልጠናው ክፍል ከእኔ የተሻለ ተማሪ የለም ብዬ አሰብኩ፤ ሻዬንም ጠጥቼ ጨረስኩ። ጋዜጣ ላይ ነጥብ የምቆጥር ሴትዮ ፋይሎቹን አልቆጠርኩም።

እሑድ ማኅበሩ እማማ አስካለ ግቢ ተሰበሰበ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ካህኑ ባርከው ሌላ ቤት ስለሚጠብቃቸው ሄዱ። እናቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው በግማሽ ክብ ተቀመጡ፤ ፎቶ የሚነሱ ይመስሉ ነበር። ላፕቶፑን ከስፒከር ጋር አገናኘሁ፣ መነጽሬን አጠለቅሁና ኤል ኤስ አልኩት፤ ያለነጥብ።

ስምንት መስመር።

ቀና ብዬ እናቶቹን ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ስክሪኑን ቆጠርኩ። ስምንት። ደግሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ወለተ ማርያም የምትባል አንዲት ብቻ ናት።

"ምነው አላበሽ?" አሉ እማማ አስካለ።

"ፀሐዩ ነው።" ደመና ነበር።

ጊዜ ለማግኘት ብዬ ሌሎቹን ሰባቱን አስቀደምኩ። የእማማ አስካለ ድምፅ ሲሰማ እልል ተባለ። አንዷ አለቀሱ፣ አንዷ "አየሽ፣ ጥርስ በነበረኝ ጊዜ ቢሆን" ብለው ተቆጩ። እኔ እየሳቅሁ የቀሩትን እቆጥራለሁ። ሰባቱ አለቁ። አምስት ወለተ ማርያሞች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

የቀረችውን አንዷን ከፈትኳት። በግቢው ውስጥ ድምፅዋ ተሰማ። "ስሜ ወለተ ማርያም ነው። በልጅነቴ ከአክስቴ ጋር መጣሁ፤ ከእንጦጦ እንጨት ለቅሜ፣ ጥጥ ፈትዬ ነው ያደግሁት..."

"እኔ ነኝ!" አሉ አንደኛዋ ወለተ ማርያም።

"ኧረ እኔ ነኝ! ከአክስቴ ጋር የመጣሁት እኔ!"

"ሁላችንም ከአክስታችን ጋር ነው የመጣነው፤ ዝም በሉ፣ እኔን ልስማበት!"

አራቱ እኔ ነኝ እኔ ነኝ ሲሉ አንዷ ብቻ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። እማማ ዘነበች። "ይቺ ደሞ ማናት?" አሉ ጮክ ብለው። "ድምፅዋ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲንኳኳ! ማርያምን፣ ይቺን በምን ጆሮ ችላችሁ ትሰማላችሁ?"

ድምፁ የማን እንደነበረ ገብቷችኋል። መጨረሻ የቀዳሁት እሳቸውን ነው፤ መጨረሻ የገባው የፊቶቹን ደፍጥጦ ነው የገባው። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሰምቶ እንደማያውቀው ያኔ አየሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ተናግሬ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን የካሴት ዘመን ሰው ነኝ። በካሴት ዘመን መዝሙር ላይ መዝሙር ከቀዳችሁ፣ የድሮው ረዘም ያለ ከሆነ ጭራው መጨረሻ ላይ ይቀር ነበር። ምናልባት የአራቱ ጭራ ከእማማ ዘነበች ሥር ተርፎ ይሆናል ብዬ ወደ መጨረሻው ገፋሁት። የተረፈ ጭራ አልነበረም። ይልቅስ ያልተሰማው የእማማ ዘነበች ንግግር ነበር፤ እኔ ለማኅበሩ መጀመሪያ መጀመሪያውን ብቻ አሰማለሁ ስላልኳቸው፣ ፍላሹን ረስተው ልባቸውን ጥለው ያወሩት።

"...ከጎረቤቶቼ ጋር በፍቅር ነው የኖርኩት" አለ ስፒከሩ። "ከአንዷ በቀር። ስሟን አልጠራም። ሰማያዊ በር ያላት ናት።"

በሰፈራችን ሰማያዊ በር አንድ ነው፤ እንግዳ የምንመራበት። አሥራ አንድ ራስ በአንድ ጊዜ ወደ እማማ ታየች ዞረ። እማማ ታየች ከአምስቱ ወለተ ማርያሞች አንዷ ናቸው፤ ከእማማ ዘነበች ጎን ነበር የተቀመጡት። ድምፁን ላጠፋ የትእዛዙን ስም ፈለግሁ፤ ከራሴ ጠፋ። ደብተሬን ማገላበጥ ጀመርኩ። ስፒከሩ ቀጠለ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ለልጇ ሠርግ በርበሬ ልውቀጥበት ብላ ዘነዘናዬን ወሰደች። ወይራ ነው፤ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእንጦጦ ተሸክሞ ያመጣልኝ። ይኸው ሙቀጫዬ ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ በድንጋይ ነው የምወቅጠው። ለምን አልጠየቅሻትም ትይኝ ይሆናል። አልጠይቅም! እሷ ታምጣ!"

ገጹን ሳገኘው ድምፁ በራሱ ጊዜ አለቀ። ግቢው እንደ ንባብ ክፍሌ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በሥራ ዘመኔ አስጠብቄ አላውቅም። እማማ ዘነበች ቆርቆሮ ያሉት ድምፅ የማን እንደሆነ አሁን ስለገባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። እማማ ታየች ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

እኔም ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ለሰላም ደወልኩላት።

"አራት ሴቶች ጠፉብኝ!"

"ለፖሊስ ነው መደወል ያለብዎት እትዬ—"

"ኮምፒውተሩ ላይ! ስማቸው አንድ ነው፣ ወደ አንድ ፎልደር አዛወርኳቸው፣ አንዷ ብቻ ቀረች።"

"በኤም ቪ?" አለች።

"በኤም ቪ። ዝም ካለ ሠርቷል አላልሽኝም?"

"ሠርቷል እኮ እትዬ" አለች በሚያሳዝን ድምፅ። "ያዘዙትን ሠርቷል። በዚያ ስም ሌላ ካለ እላዩ ላይ ይተካል። ከትእዛዙ ቀጥሎ ዳሽ አይ ቢጨምሩ ኖሮ፣ 'በዚህ ስም አንድ አለ፤ ልተካው ወይ?' ብሎ ይጠይቅዎት ነበር።"

"ካልነገርኩት አይጠይቅም?"

"ጠይቀኝ ካላሉት አይጠይቅም። ስልክዎ ላይ የሉም?"

"አጥፍቻቸዋለሁ።"

"ውይ" አለች።

ወጣሁና እናቶቹ ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። ተቆጥተው ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቤታቸውን ከፍተው፣ ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ነግረውኝ፣ እኔ በአንዲት ብርጭቆ ሻይ አጠፋሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይበታተናሉ። ማኅበሩንም በዘነዘና አፈረስኩላቸው።

"ቆይ" አሉ እማማ አስካለ ግንባራቸውን ቋጥረው። "አምስት ነበሩ?"

"አምስት።"

"አሁን ዘነበች ብቻ ቀረች?"

"አዎ። እላያቸው ላይ... እ... እሳቸው ናቸው የቀሩት።"

"አራቱን ዋጠቻቸው በይኛ!" አሉ። "እኔ ድሮም ዘነበች ባለችበት ሌላ ሰው አይሰማም ብያለሁ። ማሽኑም አወቃት!"

አንዷ ፈገግ አሉ፣ ሌላዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። እማማ ዘነበች ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እማማ ታየች ናቸው። በሁለት እጃቸው ዘነዘና ይዘዋል፤ ወይራው ከመዳበስ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል። መጥተው እማማ ዘነበች ፊት ቆሙ።

"እንኪ።"

"የኔው ነው?"

"የማን ይሁን? በሠርጉ ማግስት ይዤልሽ መጣሁ፣ በርሽ ዝግ ነበር። ዳሱ ውስጥ ከኋላ ስላስቀመጥኩሽ ያኮረፍሽ መሰለኝ። ከፈለገችው ትምጣና ትጠይቀኝ አልኩ።"

"ከኋላ አስቀምጠሽኝ ነበር እንዴ?"

"አላየሽም?"

"ጥርሴን አሞኝ ወጡ ሳይወጣ ነው ከዳሱ የሄድኩት! በማግስቱም በሬ የተዘጋው ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ነው!"

እማማ ታየች ዘነዘናውን ወደ ደረታቸው መለሱት። "ጥርስሽን?"

"ጥርሴን! ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ትሠሪበት ነበር?"

"በር እቀረቅርበት ነበር" አሉ እማማ ታየች ቀስ ብለው። "ማታ ማታ እሱን ከበሩ ኋላ ሳስገባ፣ አይ ዘነበች እላለሁ። አሁን በሩም ሊነሳ ነው፤ ምን ላድርገው?"

ደብተሬን ዘግቼ ቆሜ ነበር። ዳሽ አይ፣ አልኩ በልቤ። ሁለቱም ዳሽ አይ ረስተዋል።

እማማ ዘነበች ዘነዘናውን ተቀበሉ፣ ክብደቱን ለኩ፣ አገላበጡት። ከዚያ ትክዝ አሉ። "አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰኝ። እዚያ ሆኜ አንዴ ብወቅጥ ከሥሬ ያለው ሰውዬ ጣሪያው ወረደብኝ ብሎ ይከሰኛል። አንቺስ?"

"ምድር ቤት።"

"እንግዲያው ሙቀጫውን አንቺ ውሰጂው። ከሥርሽ መሬት ነው፣ የሚጮህብሽ የለም። ዘነዘናው እኔ ጋ ይሆናል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሙቀጫ ብቻውን ምን ይሠራልኛል? በምን ልወቅጥ?"

"ትጠይቂኛለሽ!" አሉ እማማ ዘነበች በሙሉ ድምፃቸው፣ በዚያ በቆርቆሮው። "ስልክ አለሽ አይደል? ትደውያለሽ፣ ትጠይቂኛለሽ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ!"

ያን ጊዜ ነው እልልታው የቀለጠው። እኔም ግርግሩን ተጠቅሜ ስልኬን አወጣሁ። አራቱ እናቶች እዚያው፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ እንደ አዲስ ተረኩልኝ። የበፊቱ ጸጥ ያለ ነበር፤ ይህኛው አንዷ ስታወራ ሌሎቹ የሚያርሙበት፣ "ውሸት! ያኔ ገና አላገባሽም ነበር!" የሚባልበት ነው። እማማ ዘነበችም የፊቱ ንግግራቸው ከሰማያዊው በር ጀምሮ ያለው እንዲቆረጥና በምትኩ ስለ ጥርሳቸው እንዲገባ ጠየቁ። ጠየቁ እላችኋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ንባብ ክፍሉ ሳይከፈት ተቀመጥኩ። ለፋይሎቹ የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ የአባት ስም፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ሰጠሁ። ማዛወሩን ትቼ በሲ ፒ ገለበጥኩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ባለበት እንዲቀር። ዳሽ አይ ጨመርኩ። ኢንተር ተጫንኩ። ዝም አለኝ። አላመንኩትም፤ በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ከስልኬም አላጠፋሁም፤ እስከ ዛሬ በሞላው ስልክ ነው የምጠቀመው።

ፍላሾቹ ለየቤቱ ደረሱ፣ ሰፈሩ ተነሳ፣ ሁሉም ወደየዳሩ ሄደ። ትናንት ስለ ጉልበታቸው የደወሉልኝ እማማ ታየች ናቸው። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኩን ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ነው ያነሳሁት። የጉልበታቸውን ወሬ ሲጨርሱ ከኋላቸው ዷ፣ ዷ፣ ዷ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ "ማናት? ስጪኝ እኔም ላናግራት!" አለ። የሚያነቡት ልጆች ቀና ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ አንዷማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችብኝ። ስልኩን አልዘጋሁትም።